የሞጆ እጅ

«ሜቲ ኮ! የኔ ሜቲ!» አዲሷ ተማሪ በክፍሉ ልጆች መሀል እየሮጠች መጣች።

ሜቲ ክው አለች። ኦብሴ ናት፤ የወንጂዋ ጎረቤቷ፣ ጥርሷ እንደ ድሮው በልዞ። እዚያ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። ሜቲም በልዞባት ነበር፤ አዳማ ስትመጣ ግን አክስቷ ሐኪም ዘንድ ወስዳ የፊት ጥርሶቿን ነጭ አስለበሰቻት። ለክፍሉ ልጆች «የቢሾፍቱ ልጅ ነኝ» ብላለች። ውሸትም እንደ ውሃ ነው፤ እያሳሳቀ ይወስዳል።

«ታውቂያታለሽ እንዴ?» አለች ሊዲ። ክፍሉ ውስጥ በማን እንደሚሳቅ የምትወስነው ሊዲ ናት።

«እኔ? ኧረ አላውቃትም!»

ኦብሴ የሜቲን ነጭ ጥርሶች አየች፤ ነገሩ ገባት። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ሜቲ አለቀላት።

«ይቅርታ፣ ሰው ተመሳስሎብኝ ነው» አለችና አፏን በሹራቧ እጅጌ ሸፈነች።

«ዝገት!» አለች ሊዲ። ሁሉም በሳቅ አውካካ። ሜቲም ሳቀች፤ እንዲያውም ከሁሉ ጮክ ብላ። ያልሳቀ ይጠረጠራላ!

የጂኦግራፊው ቲቸር አብተው ሜዳው ላይ የኦሮሚያን ካርታ በኖራ አስምረዋል። ዛሬ ተማሪው ሁሉ ወንዝ ነው፤ ዋቢ ሸበሌ በምሥራቅ፣ ገናሌ በደቡብ፣ ዲዴሳ በምዕራብ ቆመዋል። ገባር የሆነ የዋናውን ወንዝ እጅ ይይዛል፤ ቀድሞ የተያያዘ ተፋሰስ ያሸንፋል። ሜቲ አዋሽ ናት። ሊዲ ከሰም ሆና ገና ከአሁኑ ግራ እጇን ይዛለች። ቆቃ ላይ አዋሽን የምትቀላቀለው ሞጆ ደግሞ ለኦብሴ ደረሰቻት።

«ዝገት ከነካችሽ እለቅሻለሁ» አለች ሊዲ።

«ቲቸር፣ ሞጆን ሌላ ሰው ይሁንልን!» አለች ሜቲ።

«ወንዝ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ገባሩን የሚመርጠው?» ቲቸር አብተው እየሳቁ ፊሽካቸውን ነፉ።

ሌላው ሁሉ ተያያዘ። ኦብሴ ብቻ ሁለት እጆቿን ሹራቧ ኪስ ከትታ ቆቃ ላይ ተገተረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ አላለቀሰችም። ልጆቹ «ዝገት! ዝገት!» እያሉ ይጮሃሉ፤ ቲቸር አብተው የጨዋታው ሞቅታ መስሏቸው ፈገግ ብለዋል።

ሜቲ ወንጂ ሳሉ የጉድጓዱ ውሃ የሚቀዳበት ቦኖ ጋ ትልልቆቹ ከሰልፍ ሲገፏት ጄሪካኗን ይዛ ተራዋን የምታስከብርላት ማን እንደነበረች ታውቃለች። በራሷ አፈረች። ቀኝ እጇን ዘረጋች።

ኦብሴ የተዘረጋላትን እጅ አየችው።

«አላውቅሽም» አለች ቀስ ብላ።

ሊዲ የሜቲን ግራ እጅ ለቀቀች። «እና ታውቂያታለሽ ማለት ነው?»

«ከአንድ ቦኖ ነው የጠጣነው» አለች ሜቲ። «እኔም የወንጂ ልጅ ነኝ።»

አንዱ ከዲዴሳ በኩል «ሁለት ዝገት!» ብሎ ጮኸ፤ ሜዳው እንደገና በሳቅ ፈነዳ። ሊዲ ከሁሉ በላይ ሳቀች።

የኦብሴ እጅ ከኪሷ አልወጣም። ሜቲም የዘረጋችውን አልሰበሰበችም።