ማስጠንቀቂያው በጮኸበት ደቂቃ

ጋሽ ተክሉ ወጥ ቤታቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። ቧንቧው ክፍት ነበር። አንድ እግር ነጠላ ጫማቸው ምድጃው ሥር ገብቷል። ስልካቸው ከእጃቸው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ወድቋል።

ያገኘቻቸው ሐሴት ናት፤ የየኔነሽ ልጅ። አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች የምትረዳ ሠራተኛ ናት። ጋሽ ተክሉን ሁለት ዓመት አጥባለች፣ መድኃኒት አውጥታለች፣ ጥፍር ቆርጣለች። የዚያን ዕለት በሩን ከፍታ ስትገባ ቀትር ካለፈ ሃምሳ ደቂቃ ሆኖ ነበር።

ሐምሌ ነበር፤ ማክሰኞ። ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባለው ሰፈር ላይ ሰማዩ የተቀደደ እስኪመስል ዘነበ። ሸለቆው ውስጥ ያለው አውራ ጎዳና ወንዝ ሆነ። የቢልዲንጉ መኪና ማቆሚያ በውሃ ተሞላ። መብራት ጠፋ፤ ሊፍቱ ቆመ፤ የመግቢያው ካሜራም አብሮ ቆመ። አምቡላንሱ ዞሮ ዞሮ ሲደርስ ጋሽ ተክሉ አልፈዋል።

በማግስቱ ፖሊስ አንድ ነገር ተናገረ። ሰውየው አዳልጧቸው አልወደቁም። ሁለቱም ክንዳቸው ላይ የጣት ምልክት አለ። የሆነ ሰው ጨምድዶ ይዞ ገፍቷቸዋል፤ ጭንቅላታቸው የመደርደሪያውን ጠርዝ መትቷል።

በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዘርይሁን ነው፤ የቢልዲንጉ ጥገና ሠራተኛ። ባለፈው ወር ከሽማግሌው ጋር በውሃ ፍሳሽ ተጨቃጭቋል፤ ሁሉም መጀመሪያ የጠረጠረው እሱን ነበር። ዘርይሁን ግን ያን ቀን ከረፋዱ ጀምሮ ምድር ቤት ከእሳት አደጋ ሰዎች ጋር ውሃ ሲቀዳ ነው የዋለው። ሁለተኛው አብሯቸው የሚኖረው የእህታቸው ልጅ አምሃ ነው። ከከተማው ማዶ፣ ኢቶቢኮ፣ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ከቤት የወጣሁት በጠዋት ነው፣ ባስ ቆሞ መንገድ ላይ ቀረሁ አለ። ያን ቀን መንገድ ላይ ያልቀረ ሰው ስላልነበረ ማንም አልተጠራጠረውም።

ሦስተኛዋ ሐሴት ናት።

የሐሴት ነገር ከሁሉም ከፋ። የምትሠራበት ድርጅት ስልክ ላይ በሚፈረም አፕ ነው የሥራ ሰዓት የሚቆጥረው። አፑ ሐሴት ከቀትር በፊት ጋሽ ተክሉ ቤት ገብታለች ይላል። ለፖሊስ ደግሞ የመጣሁት ቀትር ካለፈ ሃምሳ ደቂቃ ላይ ነው አለች። አንደኛው ውሸት ነው። ድርጅቱ ከሥራ አገዳት። ፖሊስ ሁለት ጊዜ ጠራት። ሦስተኛው ጥሪ ለዓርብ ነው፤ ያኔ ጠበቃ ይዘሽ ነይ ተብላለች።

እውነቱን የሚያውቁት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የኔነሽ ወደ ትምህርቷ እየሄደች ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቢሮ አጽድታለች፤ እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ ማንበብ የጀመረችው ግን ዘንድሮ ነው። ባስ ማቆሚያው ጥላ ሥር ሆና ዝናቡ እስኪያባራ ስትጠብቅ ስልኳ በድንገት እንደ ሳይረን ጮኸ። መንግሥት በስልክ የሚልከው የአደጋ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የዚያን ቀን የመጀመሪያው። ከጽሑፉ ለይታ ያወቀችው ሁለት ቃል ነው፤ ጎርፍ የሚለውንና ሕይወት የሚለውን። ሌላው ፊደል ዓይኗ ሥር ተተራመሰ። ፊደል የማያምን ልብ ደግሞ ክፉውን ይሞላል። ደወለችና፣ ልጄ ድረሽልኝ አለች።

ሐሴት ገና መፈረሟ ነበር። ጋሽ ተክሉ፣ «ሂጂ፣ እናትሽን አምጪ፤ እኔ የትም አልሄድም» አሏት። አሥራ አራት ፎቅ በደረጃ ወረደች። እናቷን አረጋግታ፣ አድርሳ፣ ልብስ አስቀይራ ስትመለስ ሰውየው ወለሉ ላይ ናቸው። ፈርሞ ጥሎ መውጣት እንጀራ ስለሚያሳጣ ነው ለፖሊስ ዘግይቼ መጣሁ ያለችው።

የኔነሽ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ምጣዱ ላይ ያለውን ትረሳለች፤ የበሩን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ትፈትሻለች። ልጄን ከዚያ ቤት ያስወጣኋት እኔ ነኝ ትላለች። ባልጠራት ኖሮ ሰውየው አይሞቱም ነበር። ይህን ለማንም አላለችም፤ ብትልስ ማን ያምናታል? እናት ለልጇ ምስክር አትሆንም።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪዋ ዳኮስታ ዘጠነኛ ፎቅ፣ እናትና ልጅ ቤት ድረስ መጣች። አጭር፣ ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ናት። ጫማዋን ሳትጠየቅ በር ላይ አወለቀች። ሐሴት ሶፋው ጫፍ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ሐሴት ብቸኛ ልጅዎ ናት?» ስትል በእንግሊዝኛ ጀመረች ዳኮስታ።

የኔነሽ እንደ ልማዷ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገችው። «ህእ።»

መርማሪዋ ደነገጠች። ትንፋሽ ያጥርዎታል እንዴ፣ ውሃ ላምጣልዎት ስትል ጠየቀች። የኔነሽ ደህና ነኝ አለች፤ ነገሩ አልገባትም።

ዳኮስታ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቀትር ካለፈ አሥራ አራት ደቂቃ ላይ ከጋሽ ተክሉ ስልክ ወደ አደጋ ጥሪው ቁጥር፣ ወደ ናይን ዋን ዋን ተደውሏል። የደወለው አልተናገረም፤ መስመሩም ተቋረጠ። ጥሪ ተቀባዮቹ፣ ሽማግሌው ራሳቸው እያቃሰቱ የደወሉት ነው ብለው መዝግበዋል።

«ያን ሰዓት በሕይወት ነበሩ ማለት ነው» አለች ወደ ሐሴት ዞራ። «አፑም ያን ሰዓት አንቺ እዚያ ነበርሽ ይላል።»

ሐሴት ወደ እናቷ አየች። ዳኮስታ ለየኔነሽ፣ ከቀረጻው ጀርባ የሚያውቁት ድምፅ ካለ ይንገሩኝ፤ የሰውየውን የመጨረሻ ትንፋሽ መስማት ከከበደዎትም አቆመዋለሁ አለቻት። ከዚያ አጫወተችው።

የኦፕሬተሯ ድምፅ መጣ። አምቡላንስ ነው የሚፈልጉት?

ህእ።

የተጎዱት እርስዎ ነዎት?

ምላስ ከላንቃ ተላቀቀ፤ ጭ።

አብሮዎት ያለ ሰው ነው?

ህእ።

ነቅተዋል?

ጭ።

ይተነፍሳሉ?

ህእ።

ዕድሜያቸው ስንት ነው?

ለዚህ መልስ አልነበረም። ከዝምታው መሐል ያ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ከቀረጻው ወጥቶ ክፍሉን ሞላው፤ መስመሩም ተቋረጠ።

«ድገሚልኝ» አለች የኔነሽ። ደገመችላት። «አንድ ጊዜ ደግሞ።»

በሦስተኛው እጇን አነሳች።

«ይህ ሕመም አይደለም። ቅድም ውሃ ላምጣ ያልሽኝ፣ እኔ አዎ ብዬሽ ነው። እኛ አገር ሰው አዎ ሲል እንዲህ ነው፤ ሲጠላ፣ አይ ሲል ደግሞ ምላሱን ያጮሃል። ስሚው፤ ከጥያቄው በኋላ እየጠበቀ ነው የሚመልሰው። ጋሽ ተክሉ አይደሉም የደወሉት። እሳቸው ወለሉ ላይ ናቸው፤ ሌላ ሰው ከላያቸው ቆሟል።»

ዳኮስታ ቀረጻውን ለብቻዋ አንድ ጊዜ አዳመጠች። ማስታወሻዋን ገለጠች፤ አልጻፈችበትም።

«ስለዚህ የደወለው የእናንተ አገር ሰው ነው።»

«ነው።»

«ልጅዎም የእናንተ አገር ሰው ናት።»

የኔነሽ ገመዱን በገዛ እጇ ለልጇ አንገት አቀበለች። ሐሴት ቀና ብላ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ብዬ አላውቅም፣ እናቴ ዘወትር የምትቆጣኝ አዎ እንደማለት በፈረንጅኛ ዬህ ትያለሽ ብላ ነው አለች። ዳኮስታ፣ ይህ ማስረጃ አይሆንም አለች፤ ክፋት ግን ድምፅዋ ውስጥ አልነበረም።

ውጭ ደግሞ ማካፋት ጀምሯል። የኔነሽ ጆሮ ውስጥ ያ ጩኸት አልጠፋ አለ። እሱን የት ነው የሰማችው? ማክሰኞ ሁለት ጊዜ ነው የጮኸው። መጀመሪያ ብቻዋን ሆና። ሁለተኛውን ግን ብቻዋን አልነበረችም።

«ያ ጩኸት» አለች ቀስ ብላ፣ «ለሁሉም ስልክ በአንዴ ነው የሚመጣው?»

«ከተማው በሙሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይደርሰዋል። ለምን?»

የኔነሽ ስልኳን ፈልጋ አጣች፤ ኪሷ ውስጥ ነበር። ከአስተማሪዋ ጋር የምትላላክበትን ገጽ ከፈተች። የኔነሽ መልእክት አትጽፍም። ፊደል ስለምትፈራ ለሁሉም ሰው በድምፅ ነው የምትልከው፤ ለአስተማሪዋም፣ ለዕቁብተኛውም፣ ለሐኪም ቤቱም። ሐሴት የምትስቅባት በዚህ ነው፤ እማ ሬዲዮ ጣቢያ ነሽ ትላታለች። ማክሰኞም ጥላው ሥር ሆና ላስተማሪዋ ልካለች። ከዚያ በኋላ የመጣው መዓት ከሐሳቧ አስወጥቶት ነበር።

ነካችው። ዝናብ ተሰማ። ከዚያ የራሷ የተሰባበረ እንግሊዝኛ፤ ሚስ፣ ዛሬ አልመጣም፣ ባስ የለም። ከዚያ ጩኸቱ፤ አንድ ሳይሆን የሁለት ስልክ ጩኸት እየተደራረበ። በላዩ ላይ የሐሴት ድምፅ፦

«እማ፣ ምንም አይደለም፤ ጎርፍ ነው የሚለው። ወደ ምድር ቤት አትውረዱ ነው። ነይ እንሂድ፤ ጋሽ ተክሉ ብቻቸውን ናቸው።»

ከመልእክቱ ሥር ሰዓቱ ተጽፏል። ቀትር ካለፈ አሥራ ስድስት ደቂቃ፤ የጋሽ ተክሉ ጥሪ የተቋረጠበት ደቂቃ።

ዳኮስታ ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አድርጋ ሰማች። አንዱ ጩኸት ጋሽ ተክሉ ወጥ ቤት ውስጥ፤ ያው ጩኸት፣ በዚያው ደቂቃ፣ ባስ ማቆሚያ ላይ፤ የሐሴት ድምፅ ከእሱ ጋር። አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይቆምም።

«ይህን ማክሰኞ ለምን አልሰጡኝም?» አለች።

«ለክፉ ቀን እንደሚሆን መች አወቅኩ» አለች የኔነሽ፤ ከዚያ አለቀሰች።

ዳኮስታ ስትወጣ ሐሴት መጀመሪያ ቀን የነገረቻትን እንደገና ጠየቀቻት። ሐሴትም ደገመችላት። ጋሽ ተክሉ ካልጋሪ ከተማ ያለች ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነበር። ቤቱን እንደሚለቁ ለአከራዩ የሚሰጥ ደብዳቤ ሐሴት ጽፋላቸው፣ ፈርመው፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኑረውት ነበር። ፖሊስ ሲፈትሽ አልተገኘም፤ በዚህም ምክንያት ያን ቀን ማንም አላመናትም።

የሐሴት የዓርቡ ጥሪ ቀረ። ቅዳሜ የኔነሽ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። አለመሄድ ነውር ነው። አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ተጣጣፊ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። አምሃ ጥቁር ለብሶ፣ ጢሙን ሳይላጭ መሐል ተቀምጧል። ሰው ሁሉ አይዞህ ይለዋል። ዳኮስታም መጥታ ነበር። የአምሃን ሁለተኛ ቃል ልትቀበል ብትመጣም፣ ቤቱ ሰው ሲሞላ በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀች።

ወሬው ስለ ዝናቡ ነበር፤ ከዚያ ስለ አምቡላንሱ። አንዷ እናት፣ ምነው ቶሎ ቢደርሱላቸው ብላ ደረቷን መታች። አምሃ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ይደርሳሉ፣ እትዬ። ሰው እየሞተ ጥያቄ ያበዛሉ። ነቅተዋል ወይ፣ ይተነፍሳሉ ወይ፤ ዕድሜያቸው ስንት ነው ይላሉ ደግሞ። ዕድሜ ምን ያደርግላቸዋል?»

ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። የኔነሽ ግን እጇ ላይ ያለውን የውሃ ብርጭቆ መሬት አስቀመጠች። ከጥሪ ተቀባዮቹ ሌላ ያን ቀረጻ የሰሙት ሦስት ሰዎች ናቸው። እሷ፣ ልጇና በሩ ላይ የቆመችው ሴት። በዚያው ቅደም ተከተል፤ ነቅተዋል፣ ይተነፍሳሉ፣ ዕድሜያቸው።

ተነሳች። ሄዳ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እንደምታጽናናው እጇን ጉልበቱ ላይ አኖረች። ድምፅዋ የእናት ድምፅ ነበር።

«አምሃዬ። ደብዳቤውን አየኸው?»

ፊቷን ተመለከተ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የራቀው ይመስል ነበር።

«ሃያ ስድስት ዓመት የኖሩበት ቤት ነው፣ እትዬ የኔነሽ» አለ በሹክሹክታ። «ውሉ ላይ እኔ የለሁም። በወሩ መጨረሻ ውጣ ነው የሚሉኝ። በዛሬ ኪራይ የት እገባለሁ? ትንሽ ቆዩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ወስኛለሁ አሉኝ። ክንዳቸውን ያዝኩ… ልገፋቸው አልነበረም።»

«ደወልክ።»

«ደወልኩ። ድምፄ ተቀርጾ እንዳይቀር ፈርቼ አልተናገርኩም።»

«ዕድሜያቸውን ስትጠይቅህስ?»

«ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። የተያዝኩ መሰለኝ።» ዓይኑ መሬት ላይ ነው። «ስወጣ ይተነፍሱ ነበር።»

የኔነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ልጄን የጠራሁ እኔ ነኝ ስትል የሰነበተችው ቀንበር አንድ ጎኑ ተነሳላት፤ ሌላው ጎን ግን እዚያው ቀረ።

ዳኮስታ ቀስ ብላ ቀርባ ነበር። አማርኛ አታውቅም፤ የሁለቱን ፊት ግን ታነባለች። የለቀስተኛው ወሬ ተራ በተራ ጠፋ። ጎንበስ አለችና፣ በዝግታ፣ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

«ያን ቀን ወጥ ቤት ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ?»

አምሃ ቀና አላለም። አፉን በጥቂቱ ከፈተ። አየሩ ወደ ውስጥ ገባ።

«ህእ።»

ዳኮስታ ወደ የኔነሽ ዞረች።

«ይህ አዎ ነው?»

የኔነሽም እንደ ልማዷ አየሩን ልትስበው ደረቷ ተነሳ። ከዚያ ያዘችው። ባዶ ትንፋሽ በወረቀት ላይ ሕመም ሆኖ እንደሚጻፍ አይታለች። የእንግሊዝኛውን ቃል ፈልጋ፣ ሁሉም እየሰማት፣ ጮክ ብላ ተናገረችው።

«የስ።»