ዓይን ያለው ድንጋይ

የድንጋዩ ዓይን በአቶ ይኸነው አውራ ጣት ላይ ለቀቀ።

ሽማግሌው ጣታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። አረንጓዴ ቀለም ነው። ደንግጠው ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ አደረጉ። ውሃው አልተቀመጠም። እንደ ዶቃ ተንከባለለና ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ይህ የኔ ድንጋይ አይደለም» አሉ።

በዚያው ቀን ውዴ ተያዘች። የአቶ ይኸነውን ቤት የምታጸዳው፣ የመደርደሪያውን ቁልፍ በየቀኑ የምታገኘው እሷ ናት። ገና አፏን መፍታት የጀመረችውን ልጇን ሶስናን ጎረቤት እጅ ላይ ጥላ ወደ ጣቢያ ሄደች። ልጅቱ እስከ አስፋልቱ ድረስ እየጮኸች ተከተለቻት።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ሰውነት ተመራ። የተሰረቀው ድንጋይ ነው ሲባል አንዱ ባልደረባዋ ሳቀ።

«እንጅባራ ላይ ድንጋይ መሰረቅ ከጀመረማ ተራራውንም በዘበኛ እናስጠብቅ!»

ሰውነት አልሳቀችም። እሷም እናት ናት፤ ሁልጊዜ የከፋውን ነው የምታስበው። ክሱ ከጸና ውዴ ማረሚያ ቤት ትወርዳለች። ያቺ ልጅስ ማን እጅ ላይ ልታድግ ነው?

የአቶ ይኸነው ሳሎን ስትገባ ግን ይህን ሁሉ ለአፍታ ረሳችው።

ባለመስታወቱ መደርደሪያ ግድግዳውን ሞልቶታል። በላዩ ያለው የጽሕፈት ዕቃ ሁሉ ሽማግሌው በወጣትነታቸው ቻይና፣ ናንጂንግ ከተማ የውሃ ምህንድስና ሲማሩ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች እየለቀሙ የሰበሰቡት ነው። የመጻፊያ ብሩሽ የሚታጠብበት ትንሽ ሳህን አለ፤ አረንጓዴነቱ ዝናብ ያበራለት መስክ ይመስላል። የብሩሽ ማስቀመጫው ከቀርከሃ ነው። ቀርከሃ እንጅባራም ሞልቷል፤ አጥር ይታጠርበታል፣ ወንበር ይሠራበታል። በዚህ ቀርከሃ ላይ ግን ተራራ፣ ድልድይ፣ በድልድዩ ላይ በትሩን ተመርኩዞ የሚሄድ ሽማግሌ ተቀርጿል። የሽማግሌው ጢም ሳይቀር ይቆጠራል።

ሰውነት ድምጿን ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ዝቅ አደረገች።

«ይሄን ሁሉ የሰው እጅ ነው የሠራው?»

«የሰው እጅና ጊዜ። ቻይናዎች የተማረ ሰው ሲጽፍ ጠረጴዛው ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ ልብ የሚያረጋጋ መሆን አለበት ይላሉ።»

«የጠፋውስ ምን ነበር?»

«የቀለም መፍጫ። ቀለማቸው ደረቅ በትር ነው፤ ውሃ ጠብ አድርገሽ ድንጋዩ ላይ ስትፈጪው ይፈሳል። የኔው እንደ ጉበት የጠቆረ ቀይ ነው። ዳሩ ላይ ምስር የምታክል አረንጓዴ ዓይን አለችው። ማንም አልቀባትም፤ ከወንዝ ዳር ዋሻ አብራው የወጣች ናት።» ፊታቸውን አዞሩ። «በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉንም አዲስ አበባ ላለ ሙዚየም ላስረክብ ነበር። እኔ አርጅቻለሁ፤ የወለድኩት የለም።»

«ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?»

«በሩ ኋላ ሚስማር ላይ። ቤተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።»

ቤተኞቹ ጥቂት ናቸው። አንዷ ውዴ ናት። ሁለተኛው የብራና ጸሐፊው መሪጌታ ክንዴ ናቸው። ሦስተኛው አባቱ ሲሞት ሽማግሌው ወስደው ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ አዝመራው ነው፤ አሁን ዳንግላ ያስተምራል፣ በየሰንበቱ ይመጣል።

መሪጌታ ክንዴ ጣቢያ ድረስ በእግራቸው መጡ።

«ድንጋዩን ይወዱት ነበር ይባላል» አለች ሰውነት።

«ማን የማይወደው አለ? ስጠኝ ብዬም ለምኜዋለሁ። ስሞት አለ። እሱ ሊሞት ነው እኔ? ሁለታችንም ሽማግሌ!»

የተተካውን ድንጋይ አቀረበችላቸው። መሪጌታ በጣታቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ቅባት! የኔ ልጅ፣ እኔን ሌባ በይኝ ግድ የለም። ቀለም የማያውቅ ግን አትበይኝ። ቅባት የነካው ነገር ላይ ቀለም አይዝም። ዕድሜ ልኬን ቀለም ስበጠብጥ ኖሬ በዚህ ልታማ?»

ሰውነት ሳቋን ዋጠች። መሪጌታው ልክ ናቸው።

አዝመራው ከዳንግላ በሚኒባስ መጣ። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው።

«እኔ እንኳ ውዴን መወንጀል ከብዶኛል» አለ። «ግን ሌላ ማን ይሆናል? ተመሳሳይ ድንጋይ አሠርታ፣ አሟሽታ፣ በቦታው ተካችው።»

«ለምን የተሰረቀ ይመስልሃል?»

«ሊሄድ ነው ሲባል ሰምታ ይሆናላ።»

ፈርሞ ወጣ። ሰውነት ድንጋዩን በእጇ እንደያዘች ቀረች። አንዲት ቃል ጆሮዋ ላይ ተጣብቃለች።

*አሟሽታ።*

ሸክላ ማሟሸት እሷም ታውቃለች። አዲስ ድስት በእሳት እስኪግል ይጣዳል፤ የጎመን ዘር ይታሽበታል፤ ጢስ ጢስ እያለ ይጠጣዋል። ይህ ድንጋይ እሳት አላየም። ዘይት እላዩ ላይ ተለቅልቆ ቀርቷል። ውዴ ብትሆን እንዲህ አታደርገውም። ይህ ማሟሸትን በስሙ እንጂ በእጁ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ደግሞስ ድንጋይ ይሟሻል ያለው ማነው?

ባጃጅ ይዛ ወደ አቶ ይኸነው ቤት ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ድንጋይ ይሟሻል እንዴ?»

ሽማግሌው ቀና አሉ።

«ያንን ቃል ከማን ሰማሽ? የኔ ቃል ናት እኮ። ቻይናዎች አዲስ መፍጫ ገና ሲጀምር በደቀቀ ከሰልና በውሃ አሽተው ያለሰልሱታል። በአማርኛ ምን ልበለው? ስም የለው። ‹አዲስ ድንጋይ መጀመሪያ ይሟሻል› አልኩ።»

«ለማን?»

«ለአንድ ሰው ብቻ...»

እጃቸው ወንበሩን ፈለገ።

«ከሰልና ውሃ መሆኑን ነግረውታል?»

«ቃሉን ብቻ። ልጅ ነበር፤ ሲያድግ የቀረውን አስተምረዋለሁ አልኩ።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አሳድጌዋለሁ እኮ፣ ልጄ። ሌላ መንገድ ፈልጊ።»

«ሌላው መንገድ ውዴ ናት ጋሼ።»

ሽማግሌው ወደ መደርደሪያቸው ዞሩ።

«እንግዲያው ሂጂ» አሉ።

ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሰውነት ዳንግላ ወርዳ ጋሪ ተሳፈረችና የመቃብር ድንጋይ የሚጠርብ ሰው ዘንድ ደረሰች። ጠራቢው የተተካውን ድንጋይ ገና ሲያየው አወቀው።

«የኔ እጅ ነው! መምህሩ ነው በስልኩ ፎቶ ይዞ የመጣው። ‹የዶሮ ውሃ መጠጫ ነው› አለኝ። እኔም እሱ የሚያረባት ዶሮ ምን ዓይነት እመቤት ናት እያልኩ ስገረም ከረምኩ።»

አዝመራው በሩን ራሱ ከፈተ። ሰውነትን ከአንዲት ፖሊስ ጋር ሲያይ አልሸሸም፤ መንገዱን ለቀቀላቸው።

ድንጋዩ መስኮቱ ሥር፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

ሰውነት ቀረበች። ስለ ወንጀሉ የምትጠይቀው ብዙ ነበራት፤ አፏ ግን አልታዘዘላትም። ጥቁር ቀይ ነው፤ ልክ ቆዳ ያለው፣ ከሥሩ ደም የሚዘዋወርበት ይመስላል።

«ይተንፍሱበት» አለ አዝመራው በቀስታ።

ጎንበስ ብላ ተነፈሰችበት። ትንፋሿ ድንጋዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ቀረ። አልጠፋም። በጤዛው መካከል አረንጓዴዋ ዓይን ቀስ ብላ በራች፤ ከእንቅልፏ ነቅታ ወደ እሷ የምታይ ያህል። ሰውነት ሳታውቀው አማተበች።

«ልጅ ሆኜ ከመስታወቱ ፊት ነበር የማድገው» አለ አዝመራው። «‹አትንካ› ነው። ሁልጊዜ ‹አትንካ›። ተምሬ ስጨርስ፣ ሥራ ስይዝ አንድ ቀን ይሰጡኛል እል ነበር። ለሙዚየም ልሰጠው ነው ሲሉኝ... እዚያ ማን ውሃ ያጠጣዋል? ማን ይተነፍስበታል?»

«ይህኛውንም ዘይት ቀብተኸዋል?»

«ኧረ! አሮጌ ነው፤ ድሮ የተሟሸ ነው ብዬ አልነካሁትም።»

ሰውነት እፎይ አለች። ያው ግማሽ ዕውቀት አንዱን ድንጋይ አጋልጦ ሌላውን አድኖታል።

«ውዴስ?» አለችው። «ልጇን ለጎረቤት ትታ ጣቢያ የምታድረው በማን ጥፋት ነው?»

አዝመራው የሸሚዙን አንገት ያዘ። እጁን ዘረጋ፤ ፖሊሷ በካቴና አሰረችው።

ውዴ በማግስቱ ጠዋት ተለቀቀች። አቶ ይኸነው ድንጋዩን በጋቢ ጠቅልለው ጣቢያው በር ላይ ቆመዋል። ሲያዩዋት ሊንበረከኩ አሉ።

«ይተዉ ጋሼ፣ ይተዉ! እርስዎ ለኔ ሊንበረከኩ?»

«በድዬሻለሁ። ያሻሽን ጠይቂኝ።»

«ምንም አልጠይቅም። ከልጄ የለየኝን ዕቃ ግን ልየው። ስወለውለው የኖርኩት መስታወቱን ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ጋቢውን ገለጡ። ከሳቸው ሌላ ማንም እንዲነካው ያልፈቀዱትን ድንጋይ በሁለት እጇ ላይ አኖሩላት። ውዴ ትንፋሿን ይዛ አየችው። ማንም ሳይነግራት ወደ ደረቷ አስጠጋችው፤ ድንጋዩም ሙቀቷን ተቀብሎ ወዛ።

«አቤት ማማሩ» አለች በሹክሹክታ። «ይከብዳል ደግሞ። ሶስና ስትወለድ እንዲህ ነበረች የምትከብደው።»

ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቷ ልጅቱን አዝላ ስትመጣ ታየች። ሶስና እናቷን አይታ ከጀርባዋ ላይ መንፈራገጥ ጀመረች።

ውዴ ድንጋዩን ለሽማግሌው መለሰችላቸው።

«በሉ፣ እርስዎ የእርስዎን ይያዙ ጋሼ» አለች። «እኔም የኔን ልያዝ።»

መንገዱን በሩጫ ተሻገረች።