አምሳል ለማን ታጨች?

አምሳል ወረታ ከተማ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ሊተክሉ የመጡ አራት ቻይናውያንን ታስተምር ነበር። የመፈልፈያው መካኒክ ደረሰ አብሯቸው እየመጣ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። እንግሊዝኛው ከእነሱ ይሻላል። ለምን እንደሚመጣ ቻይናውያኑም ሳይቀሩ ያውቁ ነበር።

አምሳልም ታውቃለች። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ የጀመረችው ዓረፍተ ነገር ይጠፋባታል።

በጥቅምት አንድ ቀን ደረሰ ራሱ ለመጠየቅ ድፍረት ቢያጣ ከቻይናውያኑ ወጣቱን ሊንን ላከ። «እሑድ ጊዜ ይኖራት እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

ሊን ማን እንደላከው ሳይናገር ጠየቃት። እሑድ የፈተና ወረቀት እንደምታርም ነገረችው። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር፤ አዲስ ያጠናውን ቃል የሚጠቀምበት አጋጣሚ አግኝቷል።

«መምህርት ኢንጌጅድ ናት።»

ደረሰ ይህን ቃል የሚያውቀው በአንድ ትርጉሙ ብቻ ነው፦ የታጨች። በሳምንቱ ይፋግ ወዳለው መፈልፈያ እንዲያዛውሩት ለምኖ ሄደ።

የኋላው ወንበር ሦስት ቅዳሜ ባዶውን ዋለ። አምሳል ምን እንደበደለችው ብታስብ ብታስብ አጣችው። በዚያው ሰሞን አንድ የሐሙሲት ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። አባቷ አቶ ባየህ ከሩዝ አጨዳ እንደተመለሱ ጠሯት።

«እሑድ መልስ ሊወስዱ ይመጣሉ። ምን ልበላቸው የኔ ልጅ?»

«እስከዚያ ላስብበት፣ አባባ።»

በአራተኛው ቅዳሜ ያ ቃል በትምህርቱ መሐል መጣ። አምሳል ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። «‹ኢን› እና የሥራ ስም ከተከተለው፣ ሰውየው ሥራ ላይ ነው። ‹ቱ› እና የሰው ስም ከተከተለው ታጭቷል ማለት ነው። ብቻውን ሲሆን ግን ሰሚውን ያሳስታል፤ ተጠንቀቁ።»

ሊን ደብተሩን አየ። ከቃሉ ጎን የጻፈው «ሥራ የበዛበት» የሚል ብቻ ነበር። ቀስ ብሎ ተነሣ።

«መምህርት፣ ያን ጊዜ የላከኝ ደረሰ ነበር። ኢንጌጅድ ናት አልኩት… ብቻውን።»

አምሳል ሰሌዳውን እንኳ ሳታጠፋ ወጥታ ይፋግ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ደረሰን የሩዝ ገለባ ብናኝ ለብሶ አገኘችው። ሲያያት ማሽኑን አጠፋ።

«ለማን ታጭቼ ነው ጥለኸኝ የሄድከው?»

«ለማን እንደሆነማ አልጠየቅሁም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ስሙን መስማት ፈራሁ።»

የሆነውን ሁሉ ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ነገ ከሐሙሲት መልስ ሊወስዱ ይመጣሉ» አለችው። «አሁን ሰው አትላክብኝ። ራስህ ጠይቀኝ።»

እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ታገቢኛለሽ?»

«አዎ። ግን ሽማግሌዎችህ ይቅደሙ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይፋግ የሚኖሩት የደረሰ አጎት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አቶ ባየህ ደጅ ቆሙ። አቶ ባየህ ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጠሯት።

«እነዚህስ ከየት ናቸው?»

«ከይፋግ፣ አባባ።»

ፊቷን አይተው ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«የሐሙሲቶቹን እኔው እሸኛቸዋለሁ» አሉ። «አንቺ ለነዚህ ወንበር አውጪላቸው።»