ሦስት ሰው ከይፋግ

ባህር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ በአቶ አምባቸው መጻሕፍት መደብር በር ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከላይ በትልቁ «በቅርብ ቀን» ይላል። ከሥሩ ሊወጡ ያሉ መጻሕፍት ስምና የሚወጡበት ጊዜ በጠመኔ ይጻፋል፤ ልብ ወለዱም፣ የጤናውም፣ የንብ እርባታውም።

ምናሴ በመደብሩ ከሚሠራው ሥራ ሁሉ ይህን ሰሌዳ መጻፍ ይወዳል። የወጣ መጽሐፍማ የማንም ነው። ያልወጣው ግን የእሱ ብቻ ነው፤ ስሙን ይጽፍና ታሪኩን በልቡ እየፈጠረ ይውላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ከይፋግ ባህር ዳር ከገባ ወዲህ ከዚህ ሰሌዳ ሌላ ብዙም ወዳጅ አላፈራም።

ወንጌላዊትንም ያመጣት ሰሌዳው ነው።

«‹የወይዘሮ አደይ ታንኳ› ክፍል ሁለት መቼ ነው የሚወጣው?» አለች አንድ ቅዳሜ፣ ደጁ ላይ ቆማ።

«በኅዳር።»

«ባለፈው ‹በጥቅምት› ብለህ ጽፈህ አልነበር?»

«እኔ አይደለሁም፣ ማተሚያ ቤቱ ነው። ወረቀት ጠፋ ይላሉ።»

«ወረቀት ከጠፋ ለምን ሰሌዳው ላይ አትጽፍልኝም? ምዕራፍ ምዕራፉን። እኔ እየመጣሁ አነባለሁ።»

ምናሴ ሳቀ። መልሱ የመጣለት እሷ ከሄደች በኋላ ነው፤ «እሺ፣ አንቺ ብቻ ነይ» ማለት ነበረበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊላት አስቦ ዋለ፤ ስትመጣ ግን ጎንበስ ብሎ መጻሕፍት ይደረድር ጀመር። እሷም ያላለውን የሰማችው ይመስል ፈገግ አለች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ሕፃናት ታስተምራለች። አባቷ አቶ ግሩም የፋብሪካ መካኒክ ናቸው፤ ከአቶ አምባቸው ጋር በአንድ ፋብሪካ ሠርተዋል፤ ዛሬም ወዳጅ ናቸው። አቶ ግሩም ወደ መደብሩ ሲገቡ ምናሴ መደርደሪያ ሊወለውል ጓዳ ይገባል፤ የተወለወለውንም ደግሞ ይወለውላል። ለዚህ ነው ከወንጌላዊት ጋር የልባቸውን የሚያወሩት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሐይቁ ዳር የሆነው።

አንድ እሑድ ከወትሮው ዘግይታ መጣች። ከዋርካው ሥር ተቀመጠችና ሐይቁን ብቻ ታይ ጀመር።

«አባዬ ተዛወረ» አለች።

«ወዴት?»

«ድሬዳዋ።»

አንድ ዓሣ አስጋሪ ታንኳውን በደንገሉ መሀል እየቀዘፈ አለፈ።

«አንቺስ?» አለ ምናሴ።

«እኔማ ምን ብዬ እቀራለሁ? ‹እዚህ ምን አለሽ› ቢለኝ ምን ልበለው? ‹ሊወጣ ያለ መጽሐፍ እየጠበቅሁ ነው› ልበለው?»

ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ አልወጣም። ምናሴ ድንጋይ አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። ለትዳር በራሱ አፍ የሚጠይቃት ቢሆን አሁኑኑ ተነሥቶ አባቷ ጋ በሄደ። ግን የሰው ልጅ በራስ አፍ አይጠየቅም።

«አባቴንና ሁለት ሽማግሌ አመጣለሁ» አለ። «ሦስት ሰው ከይፋግ።»

«ሦስት ሰው ከይፋግ!» አሁን ከልቧ ሳቀች። «የመጽሐፍ ስም እኮ ይመስላል! ሰሌዳህ ላይ ጻፈው።»

«ታሾፊያለሽ።»

«የምሬን ነው። ቀኑ ሲቆረጥ ጻፈው። ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ሳልፍ አየዋለሁ።» ስልኳ በቅርቡ ከጀልባ ላይ አምልጧት ሐይቅ ገብቷል። በእናቷ በወይዘሮ ፀሐይወርቅ ስልክ ላይ ደግሞ ምናሴ ቢሞትም አይደውልም። «ቀን መቆረጡን ካየሁ አባዬን እንደ ምንም አቆየዋለሁ። ካላየሁ ግን...»

አልጨረሰችውም። ምናሴም እንድትጨርሰው አልፈለገም።

ማግስቱን አባቱ ጋ ደወለ። መስመሩ ይመጣል ይሄዳል።

«ሽምግልና? በጾም?» አሉ አቶ አለበል ከይፋግ። «ሩዙንስ ማን ይወቃልኝ?»

«አባባ፣ ልጅቱ ልትሄድብኝ ነው።»

መስመሩ ተቆረጠ። ደግሞ መጣ።

«...ለገና! ጾሙም ይፈታል፣ ሩዙም ይገባል። የተዘጋው መንገድ ከተከፈተ ለገና እንመጣለን። ሰማኸኝ?»

ምናሴ ሰምቷል። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ጠመኔ አነሣና ከሰሌዳው ግርጌ በተረፈችው መሥመር ላይ «ሦስት ሰው ከይፋግ» ብሎ ጻፈ። ፊደሉን ከደስታው ብዛት አሰፋው። ጊዜውን ሊጽፍ ሲል የሰሌዳው ጠርዝ ቀረበበት፤ «ለ»ን የምታስገባ ቦታ አጣ። ለሁለት ፊደል የሚሆን ብቻ ነው የቀረው። «ገና» ብሎ ጻፈና እጁን አራገፈ።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አሉ አቶ አምባቸው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው።

«የአዲስ ደራሲ ነው፣ ጋሼ።»

«ልብ ወለድ ነው ታሪክ?»

«እስካሁን ልብ ወለድ ነው። እግዜር ካለ ታሪክ ይሆናል።»

አቶ አምባቸው ልጁ ንባብ በዝቶበታል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና ሬዲዮናቸውን ከፈቱ።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጁ ከደጁ ሲደርስ ቀስ አለ። ወንጌላዊት አንገቷን አውጥታ ሰሌዳውን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው፤ ሁለት ጊዜ ያነበበችው ይመስል። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ባጃጁም ሄደ።

«ደስታዋን ደበቀች» አለ ምናሴ ለራሱ። ያን ቀን ለገዢ ሁሉ መጽሐፍ በሁለት እጁ ነው የሰጠው።

ቅዳሜ ግን አልመጣችም። እሑድም ዋርካው ሥር ብቻውን ተቀምጦ ጥላው እስኪዞር ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ ባጃጁም በዚያ በኩል ማለፉን ተወ። ታማ ይሆን? ተቆጥተዋት ይሆን? አባቷ ሰምተው ይሆን?

መልሱን ይዘው የመጡት ራሳቸው አቶ ግሩም ናቸው። ምናሴ ዛሬ ጓዳ አልገባም።

«አምባቸው፣ ልሰናበትህ ነው የመጣሁት። ማክሰኞ እንጭናለን።»

«እንዴ! በዓሉን እዚሁ ውዬ እሄዳለሁ አላልህም?»

«እኔማ እንደሱ ነበር ያሰብኩት። ልጅቱ ናት። ‹እዚህ ምን አለን፣ ቶሎ እንሂድ› ብላ አስጨነቀችኝ።» ሲወጡ ከሰሌዳው ፊት ቆም አሉ። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «ይህ ልጅ አገሩ የት ነው ያልከኝ?»

«ይፋግ።»

«እ» አሉ አቶ ግሩም፤ ሄዱ።

ምናሴ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እሷ ናት ቶሎ እንሂድ ያለችው! ቀኑን አየች፤ ቀኑ ሳይደርስባት ልታመልጥ ነው። ሳቋ የጨዋታ ነበር ማለት ነው። ሦስቱ ሰዎች ከይፋግ ተነሥተው፣ ያን መንገድ አልፈው፣ የተዘጋ በር ሲያንኳኩ ታየው። አባቱ ጋ ደወለ፤ አይሠራም። ደግሞ ደወለ፤ አይሠራም። «መንገዱ ዛሬም ዝግ ነው» ይላሉ በደጁ የሚያልፉ። ጨርቅ አንሥቶ ያችን የግርጌ መሥመር ሊያጠፋት ሰሌዳው ጋ ሄደ። ግን ጨርቁን ኪሱ ከትቶ ተመለሰ።

ማክሰኞ ጠዋት መምህር ጥዑመ ልሳን የንብ እርባታውን መጽሐፍ ሊጠይቁ መጡ። አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ቀይ እስክሪብቶ ዛሬም ከኪሳቸው አይጠፋም። ደጁ ላይ ቆመው ሲስቁ ምናሴ ሰማቸው።

«ምናሴ! ና እስቲ ውጣ። ይህን ምን ብለህ ነው የጻፍኸው?»

«ምኑን መምህር?»

«ከላይ ‹በቅርብ ቀን› ትላለህ፣ ከሥር ‹ገና› ትላለህ። ቀርቧል ወይስ ገና ነው? አንዱን ያዝ እንጂ! በአንባቢ ትቀልዳለህ?»

«ገና አይደለም መምህር፤ ገና ነው። በዓሉ።»

«እሱን አፍህ ይለየው ይሆናል፤ ጠመኔህ አይለየውም። ብቻውን ያየ ሰው አላልቶ ነው የሚያነበው። ‹ቆይ፣ ጊዜው አልደረሰም› እንዳልኸው ነው የሚቆጥረው።» ከምናሴ ጠመኔ ተቀበሉና ከ«ና» አናት ላይ ሁለት ነጥብ አስቀመጡ። «ይኸው። አሁን ጠበቀ።»

ምናሴ ነጥቦቹን አየ። ከባጃጁ የወጣው አንገቷ ትዝ አለው፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ የሳበችበት እጅ ትዝ አለው። ደስታዋን አልነበረም የደበቀችው።

ሰሌዳውን ከሚስማሩ ነቀለ።

«አንተ! ሰሌዳውን ወዴት?» ጮኹ አቶ አምባቸው።

«ለደንበኛ ነው ጋሼ!»

ያገኘው ባጃጅ ውስጥ ገባ። ሰሌዳው አልገባ ስላለ ግማሹ በበሩ ወጣ።

«ወንድሜ፣ ትምህርት ቤት ልትከፍት ነው?» አለ ሹፌሩ።

«ፍጠንልኝ ብቻ። ግን ቀስ እያልህ።»

«የቱን ልያዝልህ?»

«ጠመኔው እንዳይለቅ! ነጥቦቹ እንዳይጠፉ!»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየውና ጉዞውን ቀጠለ። ምናሴ ሰሌዳውን ከደረቱ አርቆ ይዞታል። ባጃጁ በተናጠ ቁጥር ግን ከዳር ያለው ጽሑፍ በሸሚዙ ላይ ይታተማል። «ከይፋግ» እየደበዘዘ ነው። አደባባዩ ላይ ትራፊክ ሲያስቆማቸው ሁለቱን ነጥቦች ብቻ እያየ ጸለየ።

በአቶ ግሩም ደጅ የጭነት አይሱዙ ቆሟል፤ ሞተሩ አልተነሣም። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ከሁሉም አናት ላይ ወንበሮቹ ተጭነው በገመድ ታስረዋል። አቶ ግሩም ገመዱን እየሳቡ ጥብቀቱን ይፈትሻሉ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ጎረቤት ይሰናበታሉ። ወንጌላዊት የተጠቀለለ ምንጣፍ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። አየችውና ፊቷን አዞረች።

ምናሴ ከባጃጁ ወረደ። ምን ይበል? በራስ አፍ አይጠየቅም።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ግሩም» አለ። «ከመጻሕፍት መደብሩ ነው። እርማት... ለደንበኛችን እርማት ይዤ ነው።»

«የምን እርማት?»

«ማስታወቂያው ተሳስቶ ነበር። ደንበኛችን እንደ ተሳሳተ አንብባው እንዳትሄድ ብዬ ነው።»

«ሰሌዳ ተሸክመህ ቤት ለቤት ታስነብባለህ?»

ጫኞቹ ሳቁ። ምናሴ ሰሌዳውን ወደ በሩ አዞረው። ወንጌላዊት ላለማየት ታገለች፤ ከዚያ አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ አላልታ አነበበችው፤ ያን ጠዋት እንዳነበበችው። ሁለቱን ነጥቦች ስታይ ቆመች። ደግማ አነበበችው።

«ጠብቆ ነው?» አለች በቀስታ።

«ጠብቆ ነው።»

«በዓሉ?»

«በዓሉ። ‹ለ› የሚገባበት ቦታ አጥቼ ነው።»

ምንጣፉ ከእጇ ወደቀ። «ለአንዲት ፊደል ድሬዳዋ ልትሰደኝ ነበር?» አለች፤ ዓይኗ ሞልቷል፣ አፏ ግን ይስቃል። «እኔ እኮ ያን ቀን ልጆቹን ፊደል ማስቆጠር አቅቶኝ ነው የዋልሁት።»

«ምንድን ነው የሚያወሩት?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ለጎረቤታቸው።

ወንጌላዊት ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ በዓሉን እዚህ እንዋል።»

«ከተጫነ በኋላ? ቶሎ እንሂድ ብለሽ ያስጨነቅሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ወንጌላዊት የወደቀውን ምንጣፍ አነሣች። የአይሱዙው ሹፌር ጥሩምባውን ነካ አደረገ። አቶ ግሩም ገመዱን እንደያዙ ሰሌዳውን አነበቡ፣ ሸሚዙ ላይ የታተመውን ጠመኔ አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። አንድ ቃል ብቻ፣ «ንዳው» የምትል አንዲት ቃል ከአፋቸው ብትወጣ ሁሉም ያበቃል።

«ከይፋግ» አሉ አቶ ግሩም በመጨረሻ። «ያን ያህል ሩቅ አይደለም። መንገዱ ነው እንጂ። ይከፈታል?»

«አላውቅም» አለ ምናሴ፤ ከዚህ ሌላ የሚለው እውነት አልነበረውም። «ከተከፈተ ይመጣሉ።»

«ሦስት ሰው?»

«ሦስት ሰው።»

አቶ ግሩም ቀና ብለው ጭነቱ ላይ ወደ ተቀመጠው ልጅ ጮኹ። «አንተ፣ ገመዱን ፍታ!»

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ነው ያሰርነው!»

«ፍታው አልኩህ። ሦስት ወንበር አውርድ። ሌላው ዕቃ ይሂድ።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ባላቸውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ሰሌዳውን የያዘውን ልጅ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አራት አውርድ» አሉ። «አባቷስ ቆሞ ነው የሚያነጋግራቸው?»

ምናሴ ሰሌዳውን ነጥቦቹ እንዳይነኩ አድርጎ ከግንቡ አስደገፈና፣ የመጀመሪያውን ወንበር ሊቀበል እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።