ሁለተኛዋ ጥንድ

«ኡፍ! ይሄ ደግሞ ድምፅ ነው?» አለች ፍንጭት። ጀርባዋን ለአምፕሊፋየሩ ሰጥታ የጊታሯን ወፍራም ክር እንደገና መታችው። ከስፒከሩ የወጣው ዝልግልግ ያለ ጉርምርምታ ነበር፤ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ እንኳ አይታወቅም። «አንድ ቁጥርን ሰርዣለሁ። ቀጥል!»

በአክስቷ የጥገና ክፍል፣ ለሁለቱ ልጆች እንዲያወዳድሩት ሦስት ጥንድ ቲዩብ ነበር የቀረበላቸው። ቲዩብ ማለት አምፕሊፋየሩ ውስጥ ተሰክቶ የሚግል፣ አምፖል የሚመስል ብርጭቆ ነው። ጥሩ ከተመረጠ ወፍራሙን ድምፅ ይሰበስበዋል፤ ካልተመረጠ ያልፈሰፍሰዋል። መራጩ ጋሼ ራዲዮ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጥገናውን ትተዋል፤ ጆሯቸው ግን የዋዛ አይደለም። አዳምጠው፣ ለይተው፣ የቲዩቦቹ እግር ላይ ቁጥር ለጥፈው በካርቶን ይልካሉ። አምፕሊፋየር ጠጋኟ የፍንጭት አክስትም ካርቶኑን ከፍታ ሳታይ ነው የምትቀበላቸው፤ ይህን ያህል ታምናቸዋለች።

አክስቷ ሁለት ሕግ አላት። የሚያዳምጥ ሰው ዞሮ አያይም፤ ቲዩቡ ላይ የተጻፈውን የፋብሪካ ስም ካየ ጆሮው ማድላት ይጀምራላ። የሚቀይረው ደግሞ ቲዩቡ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ በጨርቅም ይዞ ይነቅላል።

የሚቀይረው የባንዳቸው መሪ ነበር፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም ዘናጩ ነው የሚሉት። ዘናጩ ከላስቲክ ውስጥ የተጠበሰ ድንች እያወጣ ይበላል፣ ጣቱን ይልሳል፣ የላሰውን ጣት ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ከዚያ ቲዩቡን ይነካል። ሲያላምጥ ለብቻው አንድ ባንድ ይወጣዋል። ፍንጭት ዞራ ባታየውም ድምፁ ብቻ ያቅለሸልሻት ነበር።

«ሁለት ቁጥር ገባች» አለ አፉን ሞልቶ።

ክሩን መታችው። ወይ ጉድ! ድምፁ ደረቷን ነክቶ እዚያው ቀጥ አለ። እንደገና መታችው፤ አሁንም ግጥም ያለ ነበር። ወረቀቷ ላይ ትልቅ «2» ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። «ተገኘች! ይቺ ናት!»

«እሺ፣ ሦስተኛዋን ደግሞ እንስማ።»

ወዲያው «ውይ! አቃጠለኝ!» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ከኋላው ደግሞ አንድ ቀጭን «ቅጭ»።

«ምንድን ነው?»

«ካቻቢቴው ነው የወደቀው። አትዙሪ እንጂ፣ ሕግ ታፈርሻለሽ!»

ሦስተኛዋን ሰምተው ሲጨርሱ ዞረች። ካቻቢቴው አክስቷ ያንጠለጠለችበት ሚስማር ላይ ነበር። ከሁለተኛዋ ጥንድ አንዷ ጠረጴዛው ላይ ተጋድማለች። ብርጭቆዋ ላይ የዘይት አሻራ አለ፣ ወገቧ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። እንደ መስታወት ያብለጨልጭ የነበረው ጫፏ ወተት መስሏል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ፍንጭት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። አየር ገብቷል፤ ከእንግዲህ አትሠራም።

«በባዶ እጅህ ነቀልካት? ሳትበርድ?»

«አቦ አታካብጂ! ድሮም ነጭ ነበረች እንላለን። ሽማግሌው እንደሆነ አያይ። ሠርታ እንደነበር እንዳይታወቅ ወረቀትሽን ቀይሪና ሦስት ብለሽ ጻፊ።»

ፍንጭት ከንፈሩ ላይ የተለጠፈውን ጨው አየች። ቀፈፋት። ከዚህ ልጅ ጋር ከአንድ ጠርሙስ ውሃ መጠጣቷ ትዝ ሲላት አፏን በእጅጌዋ ጠረገች።

«አስጠላኸኝ፣ እውነቴን ነው።»

«ላስጠላሽ። አክስትሽ ካወቀች ግን ለዓርቡ ዝግጅት አምፑን አታውሰንም። መድረክ መውጣትሽንም እርሺው።»

ሁለት ወር ነው የተለማመደችው። የጣቶቿ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተልጦ ድኗል። ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ዝም አለች። ከዘናጩ ይልቅ ይሄ ዝምታዋ አስጠላት።

አክስቷ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ገባች። ነጯን ቲዩብ አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘቻት።

«ይቺ እኮ አየር ገብቶባታል።»

«እኛም ገርሞናል፣ እትዬ» አለ ዘናጩ። «ከካርቶኑ ስናወጣት እንዲሁ ነበረች።» ዓይኑን በጨው አጥቦ! ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

አክስቷ በርጩማው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ጋሼ ራዲዮ እንዲህ ያለ ነገር ልከውልኝ አያውቁም» አለች። «ደክመዋል ማለት ነው። እኔንም ሰው አምኖኝ ነው ዕቃውን የሚሰጠኝ፤ ከእንግዲህ ከሳቸው መውሰድ አልችልም። ግን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? የቀራቸው ሥራ ይሄ ብቻ ነው እኮ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ደወለች፤ ድምፁን ለቀቀችው።

«ሄሎ!» የሽማግሌው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ልጆቹ ሰሙ? ሁለተኛዋ እንዴት ሆነች? ሦስት ቀን ሙሉ ነው ያዳመጥኳት፤ ወፍራሙን ክር ጭብጥ አድርጋ አይደለም የምትይዘው?»

«ጋሼ... እኔም የደወልኩት በሷ ጉዳይ ነው» አለች አክስቷ።

«ምነው? አልተስማማቻችሁም እንዴ?» ድምፃቸው ቀነሰ። «ተሳሳትኩ?»

ፍንጭት ዘናጩን አየችው። ጣቱን አፉ ውስጥ እንደያዘ ራሱን ይነቀንቅላታል፤ እንዳትናገሪ ነው። በዓርቡ ዝግጅት ያስፈራራት ይሄ ጣቱን የሚልስ ልጅ ነው። ወደ ስልኩ ተጠጋች።

«አልተሳሳቱም፣ ጋሼ» አለች። «ምርጧ እሷ ነበረች። ሳትበርድ ነቅለን የሰበርናት እኛ ነን።»

የተጣጠፈውን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ ነጯ ቲዩብ አጠገብ ዘረጋችው። አክስቷ ሁለት ጊዜ የተሰመረበትን ቁጥር ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ለዓርብ ሌላ አምፕሊፋየር ፈልጉ» ብላ ተነስታ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለች። ፍንጭት ጊታሯን ወደ ቦርሳው መክተት ጀመረች።