ሆዳሙ አማች

በእኛ በደቡብ ሕንዷ ተላሸሪ አማች ንጉሥ ነው። ማታ ወደ ሚስቱ ወላጆች ቤት ይመጣል፣ ምርጥ ምርጡን በልቶ ያድራል፣ ጠዋት ወደ ሥራው ይሄዳል። ወጥ ቤት ግን ዝር አይልም። አማች እሳት ዳር ከታየ የዚያ ቤት ሴቶች ጉድ ፈላባቸው!

አዲሷ ሙሽራ ሸህርባን ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሙያ የላትም። ተቀማጥላ ነው ያደገችው። በኢድ ማግስት አክስቶቿ ሙሽራዋ የምትሠራውን የሩዝና የዶሮ ቢርያኒ ሊቀምሱ መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ እናቷ ወገባቸውን ታመው ተኝተዋል፤ እሷ ወጥ ቤት ሽንኩርቱን አሳርራ ታለቅሳለች።

ባሏ ሸምሲር በጓሮ በር ብቅ አለ።

«ምነው?»

«ውጣ! ሰው ያይሃል!»

«በሩን ዝጊዋ ታዲያ።»

እጅጌውን ሰበሰበ። ኩዌት ወንደላጤ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ሌላ ሽንኩርት ከተፈ፤ ዶሮውን በዝንጅብል፣ በቃሪያና በእርጎ ሠራው፤ ሩዙን በቅቤ ቆላ አድርጎ ሄልና ቀረፋ ጣለበት። እሷ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ሰረቅ አድርጋ ታየዋለች። ከተጋቡ ወዲህ በቀን ብርሃን እንዲህ ተያይተው አያውቁም።

«እኔን ነው ሽንኩርቱን የምታይው?»

«ሽንኩርቱን ነው፤ አትኩራ!»

ሩዙን በዶሮው ላይ ደራረቡት። ክዳኑን ዙሪያውን በሊጥ አሸጉና ፍም ጫኑበት። ሸምሲር ከጉንጯ ላይ ዱቄት ሲጠርግላት፣ አክስቷ ኩልሱ በሩን በረገዱት።

«ውይ! አማቻችን ወጥ ቤት? አንቺ ልጅ፣ ልታዋርጅን ነው?»

ሌሎቹም ከኋላ ተግተለተሉ። ሸህርባን ከባሏ ፈቀቅ አለች።

«እኔ ምን ላድርግ አክስቴ! ሽታው ስቦት ነው እንጂ! ሆዱን የማይችል ባል ሰጣችሁኝ!»

ሴቶቹ ከት ብለው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ሸምሲር እጁን ታጠበና በጓሮ በር ወጣ።

ቢርያኒው ጣት ያስቆረጥም ነበር። «እጅሽ ይባረክ!» እያሉ መረቋት፤ እሷም «አሜን» አለች።

ማታ ሸምሲር አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። በሚስቱ ቤት ለሚበላ ሰው ሆዳም ከመባል የባሰ ስድብ የለም፤ ይህን ሸህርባን አጥታው አይደለም። ራት ሲቀርብ የእሱ ሳህን ባዶውን ይቀመጣል፣ እናቷ «ምን አጠፋሽ?» ይሏታል፣ እሷ ዓይኗን ትሰብራለች። ያ «አሜን» ትዝ ባላት ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመኛለች።

አርብ ዕለት ብቻዋን ቢርያኒ ሠራች። ድስቱን ታቅፋ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ሚስት ሳትጠራ ባሏ ቤት አትሄድም፤ እሷ ግን ሄደች። ሸምሲር ከእናቱና ከእህቶቹ ጋር ምሳ ላይ ነበር።

«ሆዳም ያልኩት ውሸቴን ነው» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ያን ቢርያኒ የሠራው እሱ ነው። እኔ ነኝ ምስጋናውን የበላሁት። በእሱ ያፈርኩ መስሎኝ ነበር፤ አሁን በራሴ አፈርኩ።»

«ልጄ ወጥ ቤት ገባ?» አሉ እናቱ አፋቸውን ይዘው።

ሸምሲር ድስቱን ከፈተ። አንድ ጉርሻ ጎረሰ።

«ዶሮው አልበሰለም።»

«አውቃለሁ።»

«ሩዙ ሙክክ ብሏል።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አመጣሽው?»

«ሰው ፊት እንድትስቅብኝ።»

አልሳቀም። ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ደግሞ ጎረሰ።

«ማታ... ትመጣለህ?» አለች።

«አልመጣም።»

አንገቷን ደፋች። ድስቷን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ያዛት።

«ተይው። ዛሬ እንግዳዋ አንቺ ነሽ፤ እዚሁ ታድሪያለሽ።»

እናቱ «እንዲህ ያለ ነገር በየት አገር ታይቶ!» ብለው አጉረመረሙ። ካጉረመረሙ በኋላ ግን ትራስ ሊያመጡ ተነሱ።