ድምፅ የተከፈለበት ሥር

በዘንገላ መንግሥት ታላቁ የአርማዝ ወንዝ አንድ ማለዳ ድምፁን አጣ። ውኃው እንደ ወትሮው ከገደሉ ይወረወራል፣ አረፋው ይነሣል፤ ነገር ግን ኮሽታ እንኳ አይሰማም። የቤተ መንግሥቱ ነቢይት ከአፋፉ ቆማ፣ «ድምፅ ሳይከፈል የዚህ ወንዝ ድምፅ አይመለስም!» ስትል ተነበየች። ወዲያው የድንጋይ ደዌ አገሩን ወረረው። ደዌው ከእግር ጣት ጀምሮ ሥጋን እያጠጠረ ሽቅብ ይወጣል፤ ልብ ላይ ከደረሰ አበቃ።

ምንታምር የአገሩ ዘፋኝ ነበረች። እሷ ስትዘፍን ሽማግሌ ከመደቡ ተነሥቶ ይጨፍራል ይባልላት ነበር፤ ደግሞም ይጨፍር ነበር። ታናሽ እህቷ ሊቃ እስከ ጉልበቷ በጠጠረች ጊዜ ግን ዘፈኗን ትታ የሁለት ሰዎችን ደጅ ጠናች። አንዱ የሥር መድኃኒት አዋቂው አጎቷ አባ ዘርጋው ናቸው፤ ሌላው መድኃኒት በመስታወት ዕቃ የሚያፈላው፣ የመስታወት ቤቱ ጠቢብ ሐኪም አዛሪ ነው። ሁለቱ ዓይን ለዓይን መተያየት አይወዱም ነበር።

«የእርስዎ ሥር ሰው ገድሏል» አለ ሐኪሙ።

«ያንተስ ብርጭቆ ማንን አዳነ?» አሉ አባ ዘርጋው።

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። የሥር አዋቂዎች መድኃኒት የሚለኩት በበሽተኛው እፍኝ ነው፤ ይህ ደዌ ግን እጅን ያሳብጣል፣ ባበጠ እፍኝ የተለካው መድኃኒትም ትንፋሽ ይነሣል። ሐኪሙ ደግሞ በሚዛን ለክቶ ዝም ብሎ አፈላው። ሚዛኑን የያዘው ሰው ራሱ የሥሩን ስም እየጠራ ካላፈላው ሥሩ መርዝ ይሆናል። ስሙን የሚያውቁት የአባ ዘርጋው ቤተ ዘመዶች ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ለባዕድ የነገረ ድምፁን ለዘላለም ያጣል። የሚዛኑን ጥበብ መማር ዓመታት ይፈጃል፤ ሊቃ ዓመታት አልነበሯትም።

«በእናታችን መቃብር እምላለሁ» አለች ምንታምር፤ «እህቴ በእግሯ ትሄዳለች! አብራችሁኝ ትወጣላችሁ፤ መንገድ ላይ መጣላት ትችላላችሁ።»

እውነትም ሲጣሉ ወጡ። ሥሩ የቀረው በጽልመት ተራራ ጫፍ፣ ጉምባር የተባለው ባለ ክንፍ እባብ በሚጠብቀው ዋሻ ደጃፍ ብቻ ነበር፤ በተነቀለበት ስፍራም መፍላት አለበት። ምንታምር ዘፈነች። ጉምባር ክንፉን አጥፎ አንቀላፋ። አባ ዘርጋው ሥሩን ነቀሉ፤ አዛሪ የመስታወት ዕቃውን እሳት ላይ ጥዶ ሥሩን በሚዛኑ ለካ። ከዚያ ሽማግሌውን ቀና ብሎ አያቸው።

«አባ፣ ስሙን ይንገሩኝ። በተማርኩት ሁሉ እምላለሁ፤ አላዋርደውም።»

አባ ዘርጋው አፋቸውን ከፈቱ። ስሙን ለባዕድ ላለመንገር ለአባታቸው የገቡት መሐላ አንደበታቸውን ያዘው። እንባቸው ወረደ።

ምንታምር ይህን አየች። ፈርታ ነበር፤ ከዘፈን በቀር ሌላ ሀብት አልነበራትም። የሊቃን ጉልበት አሰበች፤ ዘፈኗንም አቋርጣ ወደ ሐኪሙ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ሰንደቤ» አለች። ከዚያ ወዲያ ቃል አልተናገረችም።

ጉምባር ነቃ። አዛሪ «ሰንደቤ፣ ሰንደቤ» እያለ ያፈላል፤ እባቡ ተወረወረ፤ አባ ዘርጋውም በትራቸውን ይዘው መሐል ገቡ። በምላሳቸው ያልከፈሉትን በክንዳቸው ከፈሉ። መድኃኒቱ ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ እባቡን ያዙት፤ ሦስቱም አመለጡ፤ የሽማግሌው ቀኝ እጅ ግን እዚያው ቀረ። ሐኪሙ ቁስላቸውን ሰፋ፤ እሳቸው የሚለብጥበትን ቅጠል በግራ እጃቸው ጠቆሙት። ቁልቁል ሲወርዱ ማንም አልተጣላም።

ሊቃ መድኃኒቱን ጠጣች። ጣቷ ተንቀሳቀሰ፤ ጉልበቷ ታጠፈ።

«እታለም፣ ዝፈኚልኝ» አለች።

ምንታምር አፏን ከፈተች። ሊቃ የእህቷን ፊት አየች፤ ከዚያም አጎቷንና ሐኪሙን አየች፤ ገባት። አለቀሰች። እያለቀሰችም ያንኑ የእህቷን ዘፈን ራሷ ጀመረችው። ዜማውን አበላሸችው። ምንታምር እያጨበጨበች ምቱን መለሰችላት። በዚህ መካከል አርማዝ ከገደሉ ሥር ማጉረምረም ጀመረ።

ዛሬ በመስታወት ቤቱ አባ ዘርጋው ቅጠል ያስመርጣሉ፣ አዛሪ ይለካል፤ ሰንደቤንም ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ጮክ ብለው ይጠሩታል። ዋጋው አንድ ጊዜ በሙሉ ተከፍሏልና ስሙን በመንገሩ ድምፁን የሚነጠቅ የለም። ምንታምር በር ላይ ተቀምጣ ትሰማቸዋለች፤ አንዱ ስሙን ያለ አክብሮት ሲጠራ ታጨበጭብበታለች፤ እንደገና ይጠራዋል።